ያገለገለን የመስታወት ፍሬም የጥንት ዕቃ መልክ ማላበስ

ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ላይ የኖረ የመስታወት ፍሬም ዕድሜው የሚታወቀው በየቦታው በሚያሳየው የተለያየ መልክ ነው። የላይኛው ጠርዝ አቧራ ተኝቶበት ደብዝዟል፤ የቅርጹ ጎድጓዳ ክፍል ጠቁሯል፤ ጎላ ብሎ የወጣው ክፍል ደግሞ በመወልወል ብዛት ሳስቶ ከሥሩ ያለውን ቀለም አሳይቷል። ሲነሣና ሲሰቀል እጅ የሚያርፍባቸው ጎኖች ለስልሰዋል፤ ወለል ላይ ሲቀመጥ የቆየው የታችኛው ማዕዘን ተላልጧል። እያንዳንዱ ምልክት የመጣበት ምክንያት አለው። ስለዚህ ያገለገለ ፍሬም ገዝቶ የጥንት መልክ ሊሰጠው የሚፈልግ ሰው ቀለም ከመምረጡ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ነገር ይህ ፍሬም መቶ ዓመት ቢያገለግል ኖሮ የት ይቆሽሽ፣ የት ይላላጥ፣ የትኛውስ ክፍል ሳይነካ ይቀር እንደ ነበር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ፍሬሜን ስሠራ ይህን ስላላሰብሁ በብርጭቆ ወረቀት ሁሉንም ጎን እኩል አሸሁት፤ ቡናማውንም ቀለም በሁሉም ቦታ እኩል ቀባሁት። ሥራው ሲያልቅ ፊቴ የነበረው የቆሸሸ ፍሬም እንጂ ያረጀ ፍሬም አልነበረም፤ ቀለሙን በሙሉ አንሥቼ እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ።

ፍሬሙን መመርመር

በቅድሚያ ፍሬሙ በእርግጥ ጥንታዊ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ እውነተኛ ወርቅ የተለበጠበትን አሮጌ ፍሬም በቀለም መሸፈን የማይመለስ ጥፋት ነውና። ወርቅ በእጅ የሚለበጠው እጅግ ሳስቶ በተቀጠቀጠ የአራት ማዕዘን ቁራጭ ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን፣ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ቁራጮቹ የተደራረቡበት ቀጭን መስመር በተመጣጠነ ርቀት ይታያል። ወርቅ መሰል የነሐስ ቀለም ግን እንዲህ ያለ መስመር የለውም፤ ከጊዜ ብዛትም ብርሃኑን አጥቶ ወደ ቡናማ ያደላል። ፍሬሙ እውነተኛ የወርቅ ልባጥ ያለው ከመሰለዎት በእርጥብ ጨርቅ አይንኩት። በውሃ ዘዴ የተለበጠ ወርቅ በውሃ ስለሚነሣ በአንድ ጊዜ መወልወል ብቻ ተጠርጎ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ባለሙያ ዘንድ ቢሄድ ይሻላል።

መስታወቱም ራሱ መታየት አለበት። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 ብርጭቆን በኬሚካል ዘዴ በብር የመለበጥ መንገድ ከማግኘቱ በፊት የመስታወት ጀርባ የሚሸፈነው በቆርቆሮ ማዕድንና በሜርኩሪ ውህድ ነበር፤ አሮጌው ዘዴ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። እንዲህ ያለ መስታወት ምስሉን በመጠኑ ግራጫ አድርጎ ያሳያል፤ በታችኛው ጠርዙ ወይም በፍሬሙ ጎድጓዳ ውስጥ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን የሜርኩሪ ጠብታዎች ሊገኙበትም ይችላሉ። የሜርኩሪ ትነት መርዛማ ስለሆነ ይህን ምልክት ያየ ሰው ፍሬሙን መፍታት የለበትም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ እርሳስ ከሚባለው መርዛማ ብረት ነው። በቀድሞው ዘመን የቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ መጨመር የተለመደ ነበር፤ ለምሳሌ በአሜሪካ እንዲህ ያለው ቀለም ለቤት አገልግሎት እንዳይውል የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ፍሬሙ አሮጌ ቀለም ካለበትና ምንነቱን ማወቅ ካልተቻለ በደረቁ አይታሽ፤ ዋናው አደጋ ያለው በብናኙ ውስጥ ነውና። በእርሳስ መፈተሻ መመርመር ይቻላል፤ ፈተናው እርሳስ መኖሩን ካሳየ ፍሬሙን መተው ከሁሉ ይሻላል፤ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት ባሉበት ቤት።

ከዚህ በኋላ ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ይለዩ። ጀርባው ላይ የእንጨት ጭረት ይታያል? ጌጡ ከእንጨት የተፈለፈለ ነው ወይስ ከጀሶ ተቀርጾ የተለጠፈ? ወይስ ሁሉም ነገር በቅርጽ ማውጫ የወጣ ፕላስቲክ ነው? ልዩነቱ የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል። የእንጨት ፍሬም በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ከቀለሙ ሥር እንጨት ስለሚወጣ መላላጡ እውነተኛ ይመስላል። የፕላስቲክ ፍሬም ግን ሲታሽ ከሥሩ ፕላስቲክ እንጂ ሌላ ነገር ስለማይወጣ፣ እንጨት የሚመስለውን ቡናማ ቀለም አስቀድሞ ከሁሉ በታች መቀባትና ሲያሹም ከዚያ ንብርብር አለማለፍ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ሠርቻለሁ፤ በጥንቃቄ የተሠራ ፕላስቲክ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከእንጨቱ በዓይን ብቻ መለየቱ ቀላል አይደለም።

መስታወቱን ማውጣትና ፍሬሙን ማዘጋጀት

ፍሬሙን በፊቱ ደፍተው ለስላሳ ብርድ ልብስ ላይ ያስተኙት፤ ጓንት ያድርጉ፤ የጀርባውን ሰሌዳ የያዙትን ትንንሽ ምስማሮች በጉጠት አንድ በአንድ ይንቀሉ። መስታወቱ ትልቅ ከሆነ ሁለት ሰው ያንሣው፤ የሚሸከሙትም የሚያስቀምጡትም አቁመው ይሁን፣ ጠፍጣፋውን ተኝቶ የተሸከሙት ትልቅ መስታወት በራሱ ክብደት ሊሰበር ይችላልና። በጠርዙ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን መስታወት ለመለወጥ አይቸኩሉ፤ እርጥበት ገብቶ ብሩን የበላበት ምልክት ነው፤ ለዚህ ሥራ ከአዲስ መስታወት ይልቅ ይስማማል። መስታወቱ በሙጫ ተጣብቆ አልወጣ ካለ ግን አይታገሉት። ወፍራም ወረቀት በመስታወቱና በፍሬሙ መካከል ባለው ክፍተት አስገብተው ቀሪውን ፊት በወረቀትና በፕላስተር ይሸፍኑ።

መስታወቱ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ቦታ ይገለጣል፤ መስታወቱ የሚያርፍበት የፍሬሙ የውስጥ ከንፈር ነው። ይህ ከንፈር ከፊት ለፊት አይታይም፤ ነገር ግን መስታወቱ ተመልሶ ሲገባ የከንፈሩ ጀርባ በመስታወቱ ውስጥ ይንጸባረቃል፤ የብርጭቆው ውፍረት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ነጸብራቁ ጎልቶ ይታያል። ሳይቀባ ከቀረ በፍሬሙ ዙሪያ ያልተቀባ እንጨት ነጭ መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር ዓይን ሁልጊዜ እዚያ መስመር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ከንፈሩን ከጀርባው ጭምር ጥቁር ቡናማ ይቀቡት።

የማጽዳቱ ሥራ ረጅም አይደለም። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ካራገፉ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨርቅ ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው ይጥረጉ፤ ከዚያም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሡ። ጌጡ ከጀሶ ከሆነ ውሃው እጅግ ትንሽ ይሁን። ቅባት ካለበት ቀለም ስለማይይዝ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። በደንብ ሲደርቅ የሚያብረቀርቀውን ፊት በ180 ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያሹት፤ ዓላማው የቀለሙን ብርሃን ማጥፋት ብቻ ስለሆነ እስከ እንጨቱ መውረድ አያስፈልግም።

የማዕዘኑ መገጣጠሚያ ከላላ ከፍተው ኮላ ይቀቡና በገመድ ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ፍሬሙ መዞሩን ወይም ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ሁለቱን ማዕዘን ተሻጋሪ ርቀቶች በሜትር ይለኩ፤ እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሏል። በማዕዘኑ ላይ የሚታየውን ቀጭን መስመር ግን በስቱኮ ሙሉ በሙሉ አይድፈኑት። በአሮጌ ፍሬሞች ላይ እንጨቱ በዓመታት ውስጥ ሲጠብና ሲሰፋ ይህ መስመር ስለሚከፈት፣ ፈጽሞ የተደፈነ ማዕዘን የአዲስ ሥራ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ከጌጡ የጎደለ ቁራጭ ካለ በአብዛኛው ተመሳሳዩ በፍሬሙ ሌላ ጎን ይገኛል። ሞዴል መሥሪያ ጭቃ እንዳይጣበቅ ፊቱን ጥቂት የሕፃናት የገላ ዱቄት ነስንሰው በሙሉው ጌጥ ላይ ይጫኑት፤ ቅርጹ ሲወጣ ያንሡትና ውስጡን በጀሶ ይሙሉ። ጀሶው ከያዘ በኋላ ያውጡት፤ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቀው በኮላ ይለጥፉት፤ ዙሪያውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። ፍጹም መመሳሰል አይጠበቅም፤ ትንሽ የተዛነፈ ጌጥ ቀለሙና ጥላው ሲጨመርበት ከጎረቤቶቹ ጋር ይዋሐዳል። ጥቃቅን ጉድለቶችን ደግሞ ጨርሰው ባይጠግኑ ይመረጣል።

ንብርብሩን መሥራት

የጥንት የወርቅ ፍሬም የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ቀለሙን በምን ቅደም ተከተል መቀባት እንዳለብን ያስረዳል። በእንጨቱ ላይ በመጀመሪያ ኖራ ወይም ጀሶ በእንስሳት ሙጫ ተለውሶ ደጋግሞ ይቀባ ነበር፤ ጀሶ የሚለው ቃልም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በጣሊያን የሥዕልና የወርቅ ልባጥ ባለሙያዎችም ይህን መሠረት በዚሁ ስም ይጠሩታል። በነጩ ላይ ቀይ ሸክላ አፈር ከሙጫ ጋር ይቀባል፤ በመጨረሻም ወርቁ ይለጠፋል። ወርቁ የሚሊ ሜትር አሥር ሺኛ አካባቢ ብቻ ውፍረት ስላለው በመወልወል ብዛት ቶሎ ይሳሳል፤ በተጋለጠው ቦታ ሁሉ ቀዩ አፈር ብቅ ይላል፤ መወልወሉ ሲቀጥል ነጩ፣ በመጨረሻም እንጨቱ ይታያል። እኛም በአዲሱ ቀለም የምንከተለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ለፍሬሙ ዓይነት የሚስማማ የመሠረት ቀለም ይቀቡ፤ ለፕላስቲክ ከሆነ ፕላስቲክ እንዲይዝ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በላዩ የጡብ ቀይ ቀለም ይቀቡ። የሚመረጠው ቀይ ደማቅ ሳይሆን ትንሽ ቡናማ የገባበት፣ የተቃጠለ አፈር የሚመስል ነው። ቀዩ ከደረቀ በኋላ በማዕዘኖቹና በታችኛው ጠርዝ፣ እንዲሁም በጌጡ አናት ላይ ተራ ሻማ ያሹበት። ሰም ቀለም ስለማያስይዝ የሚቀጥለው ንብርብር በእነዚህ ቦታዎች በቀላሉ ይላላጣል፤ መላላጡም ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ከሚሠራው ይልቅ ያልተስተካከለና ተፈጥሯዊ ይሆናል።

ወርቁን በሦስት መንገድ መቀባት ይቻላል። ርካሹና ቀላሉ በቆርቆሮ የሚገዛው የወርቅ ቀለም ነው፤ ሆኖም በብሩሽ ሙሉ በሙሉ ሲቀባ የሚታየው ብርሃን ጠፍጣፋ ስለሚሆን እኔ አልመርጠውም። ሁለተኛው ከመዳብና ከዚንክ የተቀጠቀጠ ወርቅ መሰል ስስ ቅጠል ነው፤ ውበቱ ከሁሉ የበለጠ ቢሆንም ካልተሸፈነ በአየር ስለሚጠቁር በሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ ሽፋን) ወይም በቫርኒሽ መታሸግ አለበት፤ የጣት ላብም ምልክት ስለሚተውበት በደረቅ ብሩሽ እንጂ በእጅ አይነካም። ሦስተኛው የወርቅ ዱቄት የተቀላቀለበት ሰም ሲሆን ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። በጓንት ጣት ጥቂት ቆንጥረው በጌጡ አናት ላይ ብቻ ያሹት። ጣት በተፈጥሮው ወደ ጎድጓዳው ስለማይገባ ጎድጓዳው ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ሰሙም ሲደርቅ በጥጥ ጨርቅ ሲወለወል ብርሃኑ ከላይ ብቻ ይወጣል። ለጠባብ ቦታ ትንሽ ጠንካራ ብሩሽ ይጠቀሙ።

ስንጥቅ ማየት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ወርቁን ከመቀባት ይልቅ ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ያለው ፍሬም ሲሠሩ የሚመች ዘዴ አለ። በደረቀው ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ላይ ነጭ ኮላ ይቀቡ፤ ኮላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ጣት ሲነካው እየተጣበቀ ባለበት ሰዓት በውሃ የሚቀጥን ቀለም በላዩ አንድ ጊዜ ብቻ ያልፉበት፤ ደግሞ ማለፍ ስንጥቁን ያበላሸዋል። ኮላው በወፈረ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል፤ ብሩሹ በሄደበት አቅጣጫም ይከተላል። አሮጌ የጀሶ ፍሬም የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ፍሬሙን በወርዱ እያቋረጠ ስለሆነ ብሩሹን በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ይምሩት። በጠቅላላው ፍሬም ላይ ከማድረግ ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ብቻ ማድረጉ ይበቃል።

መላላጡና ጥላው

ከወርቁ በኋላ የሚመጣው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው፤ ፍሬሙን የሚያስረጀውም በእርግጥ ይህ ነው። በሻማ የታሸውን ቦታ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያሹ። ወረቀቱን በጣት ጫፍ ይዘው፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን እጅ ፍሬሙን ሲይዘው በሚያርፍበት አቅጣጫ ይሂዱ። እያንዳንዱን ጎን ይያዙትና ጣቶችዎ የት እንደሚያርፉ ይመልከቱ፤ መላላጥ ያለበት እዚያ ነው። የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ይበልጥ ይታሽ፤ ወለል የሚነካው፣ መወልወያም የሚደርስበት እርሱ ነውና። ሁለቱ የታችኛው ማዕዘኖች እንኳ እኩል አይሁኑ፤ አንዱ እስከ እንጨቱ ሲወርድ ሌላው ቀዩን ብቻ ያሳይ። አንድ ሙሉ ጎን ምንም ሳይነካ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በዚህ ምክንያት ሌላው ጎልቶ ይታያል።

ጥላውን ከመቀባትዎ በፊት ወርቁን በስስ ሼላክ ይሸፍኑት፤ በሰም የሠሩት ከሆነ ሼላኩን ከመቀባት በፊት ሰሙ በደንብ እንዲደርቅና እንዲጠነክር ያድርጉ፤ በማይታይ ቦታ ላይ መሞከሩም ተገቢ ነው። ሽፋኑ ጥላው በወርቁ ላይ እንዳይሰርግ ስለሚከለክል የማይፈለገውን ማጥራት ያስችላል። ለጥላው ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ቀለም እንጂ ጥቁር አይጠቀሙ፤ ጥቁር ብቻውን ጎድጓዳውን ሙት ያደርገዋል። አንድ እጅ ቀለም በሦስት ወይም በአራት እጅ ማቅጠኛ ይቀላቅሉ። በዘይት የሚሠራ ቀለም ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚሰጥ ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ በውሃ የሚሠራው ቶሎ ስለሚደርቅ ትንሽ ትንሽ ክፍል እየከፈሉ መሥራት ይጠይቃል።

ቀለሙን በብሩሽ ጎድጓዳው ውስጥ ያስገቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው ከፍ ያለውን ክፍል ብቻ ይጥረጉ። በዚህ ሰዓት አንድ ነገር ያያሉ፤ ጨርቁ ያለፈበት፣ በጌጡ ላይ የተቀረጸው ቅጠል አናት ሲያበራ፣ በቅጠሉ ሥር የቀረው ቡናማ መስመር ቅርጹን ከጀርባው እያወጣ ያስረዳል፤ ቀድሞ ጠፍጣፋ የነበረው ጌጥ ጥልቀት ያገኛል። ብዙ ጠረጉ ብለው አይፍሩ፤ ጥላ ሁለተኛ ጊዜ መጨመር ይቻላል፤ ከመጠን ያለፈውን ግን ማንሣት አስቸጋሪ ነው። ከጎን ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚሄደው ጥላም ቀስ በቀስ መሳሳት አለበት፤ በድንገት የሚቆም ጥላ የብሩሽ ሥራ መሆኑ ይታወቃል።

በሥራው ላይ የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም ወይም ማቅጠኛ ከተጠቀሙ ጨርቆቹን አጨማድደው አይጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱም በተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሲታመቅ ያለምንም እሳት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን በውጭ ለየብቻው ዘርግተው ያድርቁ ወይም በውሃ በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ያኑሩት።

የላይኛው ጠርዝ የሚፈልገው የአቧራ መልክ ነው። በቀጭኑ ሰም የተቀላቀለ የግራጫ ጠመኔ ዱቄት ወደ ላይ በሚመለከቱት ገጽታዎች ሁሉ ላይ ያሹና ትርፉን በጨርቅ ያንሡ። የጌጡ ቅጠል ወደ ላይ የሚያይበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ደብዝዞ እንዲቀር ያድርጉ፤ ወደ ታች የሚያየው ግን ንጹሕ ይሁን፤ አቧራ ከሥር አይቀመጥምና። አንዳንዶች በጥርስ ብሩሽ ቡናማ ቀለም እየረጩ የዝንብ ምልክት ያስመስላሉ። መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ነጥቦቹ በጣት የሚቆጠሩ ካልሆኑ ሌላውን ሁሉ ያጠፉታል።

መዝጋትና መስቀል

ጥላው በደንብ ከደረቀ በኋላ ፍሬሙን በስስ ሰም ወይም በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይጨርሱት። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ድካሙን ሁሉ ያበላሸዋል። የፍሬሙን የውጭ ጎኖች መቀባት አይርሱ፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ከጎን የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው እነርሱን ነው። መስታወቱን ሲመልሱ ጀርባውን በንጹሕ ወፍራም ወረቀት ይጠብቁት፤ ምስማሮቹን ወደ ጎን ገፍተው እንጂ በመዶሻ መትተው አያስገቡ። ሲያጸዱትም ፈሳሹን በጨርቁ ላይ እንጂ በመስታወቱ ላይ አይርጩ፤ ወደ ጠርዙ የሚወርደው ፈሳሽ ብሩን ይበላዋል፤ የሠሩትንም ጥላ ሊያላቅቅ ይችላል።

ከመስቀልዎ በፊት ክብደቱን ያስሉ። ብርጭቆ በአንድ ካሬ ሜትር በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ብቻውን 5.4 ኪሎ ግራም ነው፤ የፍሬሙ ክብደት በዚህ ላይ ይጨመራል። መስቀያዎቹ ጠንካራ ብረት ሆነው በሁለቱ ጎኖች ላይ ከላይ ወደ አንድ ሦስተኛ በሚደርስ ከፍታ ይታሰሩ፤ ብሎኖቹም ከፍሬሙ ውፍረት ያጠሩ ይሁኑ።

ከተሰቀለ በኋላ ለጥቂት ቀናት ባለበት ይተዉትና በጠዋት ብርሃንና በማታ መብራት ተራ በተራ ይመልከቱት። በሥራ ጠረጴዛ ላይ በቂ የመሰለው ጥላ ግድግዳ ላይ ሲሆን ሊያንስ ይችላል፤ በማዕዘኑ የተላላጠውም ቦታ በመብራት ከመጠን በላይ ሊያበራ ይችላል። ያኔ ትንሿን ብሩሽ ይዘው ወደ አንዱ ቅጠል ሥር ጥቂት ቡናማ ይጨምሩበት፤ በጨርቅም ጠርገው እንደገና ከሩቅ ይመልከቱት።